በጥላሸት የጠቆረ ጣራ፦ ስለ ዋልታና ማገር ቤት የአንድ ሐኪም ማስታወሻ

እኛ ሐኪሞች በሽተኛ ተቀብለን ታሪኩን ስንጽፍ ዕድሜውን፣ ሥራውንና አድራሻውን እንጠይቃለን። አድራሻ ስንል ግን ክፍለ ከተማና ቀበሌ ማለታችን ነው። የሚያድርበት ቤት በምን እንደ ተሠራ፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ጢሱም በየት እንደሚወጣ አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ባልተጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ከሕክምና ይልቅ ለታሪክና ለሥነ ሕንጻ የቀረበ ቢመስልም፣ አንባብያን ቢታገሡኝ ወደ ሙያችን የሚመለስበት መንገድ አለው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ቱላ ነው። ቱላ ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዛሬ የሐዋሳ ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ብትሆንም፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲባል እንሰት የከበባቸው የገጠር ቤቶች ይገኛሉ። በዚያ በሠራሁበት ዘመን ደጋግመው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ነው፤ ሲጋራ ነክተው አያውቁም፤ የሳንባ ነቀርሳም ተደጋግሞ ተመርምሮ አልተገኘባቸውም። ይሁን እንጂ ሃያ እርምጃ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸውም ያብጣል። የሚሳብ መድኃኒትና ሽንት የሚያሸና ኪኒን አዝዤ እልካቸዋለሁ፤ ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ ብሶባቸው ይመለሳሉ። ይህ ለአንድ ዓመት ያህል ከቀጠለ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው በተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሸመነ፣ ጣራው የሣር ክዳን ነው። ውስጡ በስስ ክፍልፋይ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ ወገን አንዲት ላምና ጥጃዋ፣ በሌላው ወገን ሰው ያድርበታል። ጉልቻው በሰው ወገን መሬት ላይ ተተክሏል። መስኮት የለም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየሁና ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ወራጁም፣ ማገሩም፣ ሣሩም ሳይቀር እንደ ተወለወለ ጫማ ጠቁሮ ያበራል። የቤቱ አባወራ ወደ ላይ ማየቴን ተመልክተው በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሠራተኛዋ ተረጎመችልኝ፦ «ይህን ጣራ ምስጥም ነቀዝም አልደፈረውም፤ ያቆየው ጢሱ ነው፤ ዶክተር ልጄ፣ እሳት የማይነድበት ቤት እኮ ቶሎ ይወድቃል።»

ሽማግሌው ትክክል ነበሩ። ባለቤታቸው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ያቃስታሉ። ጣራውን ያቆየው ጢስ የእርሳቸውን ሳንባ እንዳላቆየ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ለሽማግሌው በምን ቃል እንደምነግራቸው ግን ግራ ገባኝ። ያን ቀን ስለ ቤት አንዳች እንደማላውቅ ተረዳሁ።

በአማርኛ ቤትና ሕይወት የተያያዙ ናቸው። ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላል። አገሩን የሚያገለግል ሰው «የአገር ዋልታና ማገር» ነው። አዲስ ቤት የገባን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። እንቦሳ ጥጃ ነው። ስለዚህ የቤት ምርቃታችን ራሱ ከብት ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር እንዲያድር የሚመኝ ነው ማለት ይቻላል። በሲዳማም ቢሆን ከብት ከቤት ውስጥ የሚያድረው በስንፍና አይደለም። እንሰት ያለ ፍግ አያድግም፤ ፍግ ያለ ከብት አይገኝም፤ ከብት ደግሞ ከጅብ፣ ከብርድና ከሌባ መጠበቅ አለበት። እንሰቱ ከቤቱ ዙሪያ የሚተከለውም ፍጉ በቅርብ እንዲደርሰው ነው። ቤቱ፣ ከብቱና ጓሮው አንድ ሥርዓት ናቸው፤ አንዱን ነጥሎ ማዘዝ ሌሎቹን ይነካል።

የግንባታው ዕቃም የሚወሰነው በአካባቢው ነው። ደገኛው ቀርከሃ በብዛት የሚበቅለው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ በመሆኑ፣ የሲዳማ ደጋ ቤት በቀርከሃ ይሸመናል። ወደ ሐይቁ ዝቅ ሲባል ግን ቀርከሃው በግዢ የሚመጣ ስለሚሆን፣ ግድግዳው እንጨት ተተክሎበት፣ በማገር ታስሮ በጭቃ ይመረጋል። ከዚህ ራቅ ብሎ በጋሞ ደጋ የሚገኘው የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ሽመናው ዝናን አትርፏል። የግድግዳው ግርጌ በምስጥ ሲበላ ያ ክፍል ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቤቱ እያረጀ ሲሄድ እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል።

እንጨትን የቤት አጥንት ማድረግ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ ነበር። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጣለት። ይህን አሠራር በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን፣ በላስታ ዋሻ ውስጥ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስም እስከ ዛሬ ማየት ይቻላል። ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ቢሆኑም፣ ጠራቢው በላያቸው ላይ የእንጨት አግዳሚና የዝንጀሮ ራስ ቀርጾባቸዋል፤ የድንጋዩ ሐውልት የእንጨትን ቤት መልክ እንዲይዝ ተደርጓል። የደብረ ዳሞውን ቤተ ክርስቲያን በ1948 ያደሰው ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንጻ ባለሙያ መሆኑን በኋላ ሳነብ አልገረመኝም። ከአገሩ የመጣው የእንጨት ቤት ከሚከበርበት ሥፍራ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የጭቃ ቤት ታሪክ ነው። በእንጦጦ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንኳ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ከአዲስ አበባ ዙሪያ እየተመናመኑ ሲሄዱ፣ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ሐሳቡን አስቀረው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ቀጥ ያለ እንጨት ደግሞ ለአራት ማዕዘን ቤት ይመቻል። የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ከወደብ መምጣቱ ቀለለ። ባሕር ዛፍ፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃና ቆርቆሮ ተገናኙና ዛሬ ከጎንደር እስከ ሞያሌ የምናውቀው የከተማ ቤት ተወለደ። ሐዋሳም በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ብዙው ነዋሪዋ የኖረው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

ወደ እንግሊዝ ልለፍ። ሳሴክስ በተባለው አውራጃ፣ አልፍሪስተን በምትባል መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ አሮጌ የገጠር ቤት አለ። የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የባሉጥ እንጨት ቋሚና አግዳሚ ተጋጥሞ በእንጨት ችንካር ተይዟል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በቀጭን እንጨት ተጠልፎ በጭቃ ተመርጓል፤ ጣራው ሣር ነው። ወለሉ የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ እንዲጠነክር የኮመጠጠ ወተት እንደ ተቀባ ይነገራል። ይህን ያነበበ የአገራችን ሰው እበት የተለቀለቀውን የእናቱን ወለል ማስታወሱ አይቀርም። ጭቃቸውም እንደ እኛው ነው፦ ሸክላ አፈር፣ ጭድና እበት። እንግሊዛዊው ገበሬ የቱላን ጭቃ ቤት ሲመረግ ቢያይ ሥራውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም ነበር።

ታዲያ የእነርሱ ስድስት መቶ ዓመት ሲቆም የእኛ ስለምን በሠላሳ ዓመት ያዘማል? ብዙ ሰው ምክንያቱ የእንጨቱ ጥራት ይመስለዋል፤ ባሉጥ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ዋናው ልዩነት ያለው ግን ከቋሚው እግር ላይ ነው። እኛ ቋሚውን ጉድጓድ ቆፍረን አፈር ውስጥ እንተክለዋለን፤ እርጥበትና ምስጥ ከሥሩ ይጀምሩታል። እንግሊዞችም እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንዲሁ ያደርጉ ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የገበሬ ቤቶቻቸው አልተረፉም፤ ጉድጓዶቹን ብቻ ነው ቆፋሪዎች የሚያገኙት። ከዚያ ወዲህ ቋሚውን ከአፈር አውጥተው በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ አቆሙት። ለውጡ በዓይን የሚታየው አንድ ክንድ ያህል ነው፤ ውጤቱ ግን የስድስት መቶ ዓመት ዕድሜ ሆነ። በተጨማሪም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ዛሬ በፎቶግራፍ የምናደንቀው የእንግሊዝ ገጠር ቤት በአብዛኛው የደህና ገበሬ ወይም የካህን ቤት ነበር። የድሃው ጎጆ እንደ ድሃው ያለ መታሰቢያ አፈር ሆኗል።

እነዚያ ቤቶች ሲሠሩ ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም። እሳቱ በአዳራሹ መካከል መሬት ላይ ይነድ ነበር፤ ጢሱም ወደ ጣራው ወጥቶ በሣሩና በቀዳዳው ቀስ እያለ ይጠፋል። የታሪክ ተመራማሪዎች አንድ ቤት ጥንታዊ መሆኑን ለማወቅ ወደ ጣራው ሥር ይወጣሉ፤ ወራጆቹ በጥላሸት ከጠቆሩ ቤቱ ቀድሞ ክፍት አዳራሽ እንደ ነበረ ያውቃሉ። ይህን ሳነብ ቱላ ቀና ብዬ ያየሁት ጣራ ትዝ አለኝ። እኛም በብሮንኮስኮፒ የአንዳንድ የገጠር እናቶችን የመተንፈሻ ቧንቧ ስናይ ግድግዳው ላይ ያንኑ ጥቁር ነጠብጣብ እናገኛለን። ታሪክ ጸሐፊው በእንጨቱ ላይ የሚያነበውን ሐኪም በሥጋ ላይ ያነበዋል።

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ እየረከሰ ሲመጣ የእንግሊዝ ገበሬዎች ጭስ ማውጫ ማቆም ጀመሩ። ጢሱ ከአዳራሹ ስለ ወጣ ከላይ ወለል መጨመር ተቻለ፤ አንዱ ቤት ሁለት ፎቅ ሆነ። ዊልያም ሃሪሰን የተባለ የኤሴክስ ገጠር ቄስ በ1577 ባሳተመው የእንግሊዝ አገር መግለጫ ላይ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩት ለውጥ አንዱ የጭስ ማውጫ መብዛት መሆኑን ጽፏል። እርሱ ራሱ በለውጡ የተደሰተ አይመስልም። ቀድሞ ጢሱ የቤቱን እንጨት ያጠነክራል፣ ለባለቤቱና ለቤተ ሰቡም ከጉንፋን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው ይባል እንደ ነበር ያስታውስና፣ ጭስ ማውጫ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ጉንፋንና ራስ ምታት እንደ በዛበት ያማርራል። የተማረ ሰው ነበር፤ የተሳሳተ መደምደሚያም ላይ ደርሷል። ስለ እንጨቱ የተናገረው ግን ከቱላው አባወራ ቃል ጋር አንድ ነው። እንግዲህ «ጢስ ቤት ያቆያል» የሚለው አባባል የመሃይም ወሬ ነው ብሎ ማጣጣል ለአንድ ሐኪም አያዋጣውም። ለእንጨቱ እውነት ነው፤ ለሳንባው ሐሰት ነው። ችግሩ ሁለቱ አንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ነው።

የአልፍሪስተኑ ቤት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በ1895 የተመሠረተው የአገር ቅርስ ጠባቂ ማኅበር፣ ናሽናል ትረስት የሚባለው፣ በ1896 በ10 ፓውንድ ገዛው። ማኅበሩ የገዛው የመጀመሪያ ሕንጻ ይህ ነው። ያ ዓመት ለእኛ የዐድዋ ዓመት ነው። በዚያው 1896 የዐድዋን ቁስለኞች ለመርዳት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው በአገራችን የዘመናዊ ሕክምናን አንድ ምዕራፍ ከፍተዋል። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ቢሆንም አንድ ሕዝብ የገበሬ ጎጆን ለቅርስነት ሲገዛ ሌላው ነጻነቱን በደሙ እየገዛ እንደ ነበር ማሰብ ልብ ይነካል።

ለእኛ ሙያ ግን ከቤቱ ይልቅ የገዢዋ ታሪክ ይቀርባል። ከማኅበሩ ሦስት መሥራቾች አንዷ ኦክታቪያ ሂል ናት። አያቷ ዶክተር ቶማስ ሳውዝውድ ስሚዝ በለንደን የትኩሳት ሆስፒታል ያገለገለ፣ በሕዝብ ጤና ታሪክ ስሙ የሚነሣ ሐኪም ነው። የድሆች ሰፈር ቆሻሻና የታፈነ ቤት ትኩሳትን እንደሚያባብስ እየተከራከረ ኖረ። በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ምክንያቱን ስቷል፤ መፍትሔው ግን፣ ንጹሕ ውኃ፣ ፍሳሽ ማስወገጃና ነፋስ የሚገባበት ቤት፣ ትክክል ነበር። የልጅ ልጁ ከ1865 ጀምሮ በለንደን የተጎሳቆሉ ቤቶችን እየተረከበች፣ እያደሰችና ለድሆች እያከራየች ኖረች። በጊዜው የተለመደው አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ሲሆን፣ እርሷ ግን ነባሩን መጠገንንና ተከራዮቹን በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዶ ማነጋገርን መረጠች። የልጆቿ ያህል በምትቆጥራቸው ተከራዮች ላይ ተቆጪ ነበረች የሚሏትም አሉ፤ ይህም ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች የማናውቀው ጠባይ አይደለም። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ ድሃ የሚኖርበትን ቤት ጤናማ ለማድረግ የታገለችውና የጥንቱን ቤት ከመፍረስ ያዳነችው አንዲት ሴት መሆኗ ነው። በእኛ አገር እነዚህ ሁለት ሥራዎች በሁለት መሥሪያ ቤት ተለያይተው፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ተቃርነው ይኖራሉ።

የጭቃ ግድግዳ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ መልካም ስም የለውም። ካርሎስ ሻጋስ በ1909 በብራዚል ገጠር ስሙን የወረሰውን በሽታ ሲያገኝ፣ በሽታ አስተላላፊው ተባይ ይኖር የነበረው እንዲህ ባለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ደተንና ቶድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 በኮንጎ በጎጆ ወለል ውስጥ የሚኖር መዥገር የግርሻ ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ አሳዩ፤ ደተን እዚያው በዚያው ዓመት ሞተ። በአገራችን በዋናነት የምናውቀው ግርሻ ግን በቅማል የሚተላለፈው ነው፤ ሰበቡም ከግድግዳው ይልቅ መጨናነቅ፣ ብርድና የልብስ እጥረት ነው። የአፈር ወለል ግን የሚከሰስበት ነገር አለው፤ የሙጀሌን መኖሪያ ለቱላ ባልደረቦቼ መንገር አያሻኝም። በሜክሲኮ መንግሥት የአፈር ወለልን በሲሚንቶ ሲተካ በሕፃናት ላይ የሆድ ጥገኛ ትላትል፣ ተቅማጥና ደም ማነስ መቀነሳቸውን በ2009 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ስለ ወባና ስለ ከብት ያለው ነገር ይበልጥ ውስብስብ ነው። እንግሊዝም ወባ ነበራት። በረግረጋማው ምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ለዘመናት ስታንቀጠቅጥ ኖራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየጠፋች ሄደች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች አምጥተዋት ለጥቂት ጊዜ ተመልሳ ነበር። ለመጥፋቷ ከሚሰጡት ምክንያቶች ረግረጉ መድረቁ፣ ኪኒኑ፣ የቤቱ መሻሻልና ትንኟ ወደ ከብት መዞሯ ይገኙበታል። ይህን የሰማ ሰው ከብት ቤት ውስጥ ማሳደር ከወባ ይጠብቃል ሊል ይችላል። የእኛዋ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ግን ሰውንም ከብትንም ትነድፋለች፤ ከብቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲሆን እርሱን ፍለጋ የመጣችው ትንኝ ሰውየውንም ማግኘቷ አይቀርም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በርና መስኮትን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ብቻ ቤት ውስጥ የሚገኙትን የእነዚህን ትንኞች ብዛት 40 በመቶ ያህል መቀነሱን ዘግቧል። በጋምቢያ ግን የሣር ጣራን በቆርቆሮ ለውጦ፣ በሩን አጥብቆ፣ የልጆችን ወባ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ተፈትኖ፣ በ2021 የወጣው ውጤት ልዩነት አላሳየም። ቆርቆሮ በራሱ ሕክምና አይደለም።

ጢሱም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት እንደሆኑ ገምቷል። ጉዳቱ አያከራክርም። መድኃኒቱ ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። በጓቴማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሰጥቶ በ2011 በታተመው ጥናት፣ ከባድ የሳንባ ምች ቢቀንስም ጠቅላላው የሳንባ ምች ቁጥር በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተው የ2017ቱ ጥናት የተሻሻለ ምድጃ ከሳንባ ምች እንዳልጠበቃቸው አሳየ። በአራት አገሮች የእንጨት ማገዶን በጋዝ ተክቶ በ2024 የወጣው ሙከራም በጨቅላ ሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ምድጃውን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኑ የሚያድግበትን አየር መለወጥ ሌላ ነው። እንግሊዞች ጭስ ማውጫውን ያቆሙት የሳንባ በሽታን አስበው እንዳልነበር፣ ለውጡም ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ፈጀ ማስታወስ ለትዕግሥት ይረዳል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16ቱ ፓኬጆቹ መካከል የመኖሪያ ቤት ጤናን አካትቷል፤ ማድቤትን ከመኝታ፣ ከብትን ከሰው መለየትን ያስተምራል። መልካም ትምህርት ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ «ቆርቆሮ ቤት ጥሩ፣ ሣር ቤት መጥፎ» ወደሚል አጭር ቃል ሲያጥር አይቻለሁ። በቱላ ዙሪያ በገባሁባቸው ቤቶች፣ የጭቃ ግድግዳው ከቆርቆሮው ጋር በደንብ ተገጥሞ፣ እሳቱ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ እየነደደ፣ ጢሱ ሣር ቤት ውስጥ ከነበረው ይልቅ ታፍኖ ዓይን የሚያስለቅስበት ጊዜ ነበር። ሣሩ ይተነፍስ ነበር፤ ቆርቆሮው አይተነፍስም። ቤተ ሰቡ ከምዘና ቅጹ አንጻር ከፍ ብሏል፤ የሚስቲቱ ሳንባ ግን አልተመዘነም።

ወደ ተነሣሁበት ቤት ልመለስ። ያን ቅዳሜ ለሽማግሌው ያልኩት ብዙ አልነበረም። ጣራው ጢስ ይፈልጋል ያሉት ልክ መሆኑን አምኜ፣ የእርሳቸው ባለቤት ግን ጣራ እንዳልሆኑ ነገርኳቸው። ሠራተኛዋ ስትተረጉም ሽማግሌው ሳቁ፤ እናትየውም በዚያ ሁሉ ማቃሰት ውስጥ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ከብቱስ?» አሉ ሽማግሌው። «ከብቱን አሁን ይተዉት» አልኳቸው። ፓኬጁ እንደዚያ እንደማይል ሠራተኛዋ በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ በእኔ ግምት ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ብጠይቅ ሁለቱንም አጣ ነበር። በወሩ ልጆቻቸው ከእንሰቱ ሥር ግድግዳው ግማሽ ድረስ ብቻ የሆነ ማድቤት ሠሩ። ለእንጀራና ለቂጣ ምርጥ ምድጃ ገባ። ሽማግሌው ግን ሚስታቸው እደጅ በተቀመጡበት ሰዓት፣ ማታ ማታ ለጣራው ሲሉ ትንሽ እሳት በአሮጌው ቤት ማንደዳቸውን አልተዉም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

እናትየው አልዳኑም፤ የተጎዳ ሳንባ አይመለስም። ነገር ግን በየሦስት ሳምንቱ መምጣታቸው ቀርቶ በየሦስትና በየአራት ወሩ ሆነ፤ አንድ ፋሲካ ላይም ከቤታቸው እስከ ገበያው በእግራቸው መሄዳቸውን በኩራት ነገሩኝ።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቷል፤ የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011፣ የጎረቤታችን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አንድ የቱላ ሣር ቤት ግን በየትኛው መዝገብ ይገባል? ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የእነዚያ ባልና ሚስት መሬት በመንገድ ቅየሳ ውስጥ ገባ። ከቱላ ከለቀቅሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ የክቡ ቤት ሥፍራ ባዶ ነበር፤ የምሰሶው ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ፎቶግራፍ አላነሣሁትም፤ ስፋቱን አልለካሁም፤ ያን ሽመና ያወጣውን ሰው ስምም አልጠየቅሁም። የሕመምተኛዬን የኦክስጅን መጠን ግን በየጉብኝቱ መዝግቤ ነበር።

ቤተ ሰቡ አዲስ ሥፍራ ተሰጥቷቸው አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። ቋሚዎቹ በድንጋይ ላይ እንዲቆሙ ታናሹ ልጅ ከአንድ ግንበኛ ተምሮ እንዳሠራ አሳየኝ። ማድቤቱ ለብቻው ነው። ሽማግሌው በዚያው ዓመት አርፈዋል። እናትየው ማድቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ቡና እያስፈሉ ጠበቁኝ፤ ቀና ስል የማድቤቱ ወራጆች ጥቁርና የሚያበሩ ሆነው አገኘኋቸው። ከአሮጌው ቤት የተነሡ ነበሩ።